እጅና ምስማር

የዶሮ ዓመት፣ ሁለተኛ ወር፣ ስምንተኛ ቀን
ከግድቡ ሥራ፣ ከምሥራቅ ዳስ

ለባለቤቴ ለሹላን፣

እንደምን ሰነበትሽ? እናቴ እንደምን ናት? አሳማው እንደምን ነው? የጎረቤቱ ውሻስ አሁንም ስሜ ሲነሣ ይጮኻል?

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ቆመሽ ካነበብሽው ወድቀሽ ሰው ታስቸግሪያለሽ። የጻፈው የግድቡ ደብዳቤ ጸሐፊ አይደለም። የዳሳችን ኃላፊም አይደለም። እኔ ነኝ! እኔ ጓን ባውቲየን፣ ስሜ ተጽፎ ሳየው ዶሮ የጫረችው ነው ብዬ አልፍ የነበርኩት ሰውዬ፣ በገዛ እጄ ጻፍኩት። ብዕሩ የተውሶ ነው፤ እጁ ግን የራሴ ነው። ከመኸር ጀምሮ ማታ ማታ ከሥራ በኋላ ስንማር ከርመን ትናንት ተመረቅን። ከዳሳችን ሰው ሁሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ቶንግ የሚባል አንድ ረጅም ሰው ይበልጠኛል፤ እሱ ግን አባቱ አስተማሪ ስለነበሩ አይቆጠርም።

በመንደራችን አስተማሪ በሽማግሌ ፒ አስጽፈሽ ለጠየቅሽኝ ሁሉ አሁን ራሴ እመልሳለሁ። ትበላለህ ወይ ላልሽው፣ እበላለሁ፤ በእንፋሎት የበሰለ የበቆሎ ዳቦና በጨው የተዘፈዘፈ ፍጅል። ትከሻህን ያምሃል ወይ ላልሽው፣ የሚያመው የሌላ ሰው ትከሻ ነው፣ የኔ ብረት ነው። መቼ ትመጣለህ ላልሽው፣ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ቃሌ ልንገርሽ። ከተማርናቸው ቃላት ሁሉ የኔ ነው የምለው አንድ ነው፤ «ዳ»። ሲጻፍ በግራ በኩል እጅ ነው፣ በቀኝ በኩል ምስማር። አስተማሪያችን ጓድ ሽን ነፋስ የሚወስዳት የምትመስል ቀጭን ልጅ ናት። ሰሌዳው ላይ ጻፈችውና «ዳ፣ መምታት» አለች። እኔ ዝም እላለሁ? ብድግ አልኩና «ጓድ አስተማሪ፣ ውሃ ስንቀዳም ዳ እንላለን። ውሃው ምን አጥፍቶ ነው የሚመታው?» አልኳት። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። እሷ ግን አልተቆጣችም። «እሺ ጓድ ባውቲየን፣ ሌላስ ምን ምን ሲሆን ዳ እንላለን?» አለችኝ። ከዚያማ ማን ያስቁመን!

«ጃንጥላ መያዝ!» አለ አንዱ።

«አሳ ማጥመድ!»

«ጠርሙስ ይዞ ሱቅ ሄዶ የአኩሪ አተር መረቅ ማስቀዳት!»

«ማስነጠስ!» አለ ቶንግ፣ ብሎም አስነጠሰ።

«ሰማይ ሲያጓራ!»

«ያለ ሚስት መኖር» አለ ጥግ የተቀመጠው ወንደላጤ። እሱ ላይ ማንም አልሳቀም።

አየሽ፣ ሰነፍ ሰው ሌላ ሳይማር አገር የሚዞርበት ቃል ነው። ቀኔን በሙሉ በእሱ ብቻ ልጽፍልሽ እችላለሁ፦ ጠዋት አውራ ዶሮው ዳ፤ እኔ ማዛጋት ዳ፤ ውሃ ዳ፤ ከጓዶቼ ጋር ሰላምታ ዳ፤ ድንጋይ ዳ፤ ከምሳ በኋላ ሸለብታ ዳ፤ እንደገና ድንጋይ ዳ፤ ማታ ማንኮራፋት ዳ። አንድም ስህተት የለበትም፤ ጓድ ሽን አርማዋለች።

ስለ ድንጋዩ እንደሆነ መቼም የሥራ ዘፈን አውራጅ መሆኔን ታውቂያለሽ። ስምንት ሰው ወፍራሙን ድንጋይ በገመድ ወደ ላይ ይወረውረዋል፤ እኔ አወርዳለሁ፣ እነሱ እየተቀበሉ ይስባሉ፣ ድንጋዩ ሲወድቅ አፈሩ ይጠቀጠቃል። ያለ አውራጅ ስምንቱ ወደ ስምንት አቅጣጫ ይጎትቱና ድንጋዩ የአንዱን እግር ይዞ ይቀራል። በግድቡ ላይ ያሉት አውራጆች ሁሉ የኔን ግጥም ይሰርቁኛል፤ እኔ የማንንም አልሰርቅም። ግድቡማ በየቀኑ ያድጋል! መጀመሪያ ከታሰበው በላይ ከፍ ሊል ነው። አዛዡ ራሱ «የዚህ ሰው ጉሮሮ ግድባችንን ሁለት ክንድ አስረዘመው» ብሎ መሰከረልኝ።

ወረቀቱ አለቀብኝ። ለእናቴ አንብቢላትና ፊቷ ምን እንደሚመስል ጻፊልኝ። ልጇ ጸሐፊ ሆኖላታል!

ባልሽ ባውቲየን


ሁለተኛ ወር፣ ሃያ አምስተኛ ቀን

ለባውቲየን፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ቁጭ ብዬ አነበብኩት፣ አልወደቅሁም። አንተ ብቻ የተማርክ መሰለህ እንዴ? እዚህም ከእህል ጎተራው ጀርባ የሴቶች የማታ ትምህርት አለ። ጥቂት ቃላት ጠፍተውኝ አስተማሪዋን ጠየቅሁ እንጂ የቀረውን ራሴ ነኝ የፈታሁት። ፊደሎችህ ዳገት የሚወጡ ሰካራሞች ይመስላሉ፤ ግን ሁሉም ቤታቸው ገብተዋል።

በዳ የምትኮራውን ያህል እኔም አለኝ። ለአሳማው ሣር ሳጭድ ዳ ነው። እንቁላል ስመታ ዳ ነው። የሰው ወሬ ማጠያየቅም ዳ ነው፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ ዋናው ሥራዬ እሱ ሆኗል። ከግድቡ የሚመለስ ሰው ባየሁ ቁጥር «ባውቲየን የሚባል ለፍላፊ አታውቁም?» እላለሁ። «እዚያ ለፍላፊ ሞልቷል፣ የትኛውን?» ይሉኛል። ያለ ሚስት መኖርም ዳ ነው ብለሃል። እሱን ከትምህርት አትቁጠረው፤ እንዳትለምደው።

ሹራብ ዳ እያደረግሁልህ ነው። ግን ትከሻህ ላይ ስደርስ ቆምኩ፤ ስፋቱ ጠፋኝ። አምና ለአዲስ ዓመት ተጋብተን በሁለት ሳምንቱ፣ በፋኖስ በዓል ማግስት ሄድክ። በዚያ ሁሉ ብርድ ጥጥ የታጨቀ ካፖርትህን አውልቀህ አታውቅም። የማስታውሰው ስፋት ያንተ ይሁን የካፖርቱ እንጃ።

የቀያሽ ሰዎች መጥተው ግድግዳ ላይ በኖራ ምልክት አድርገው ሄዱ። ግድቡ የሚያጠራቅመው ውሃ የታችኛውን መንደር ይወስዳል፣ የኛ ጋ አይደርስም አሉ፤ በኛ በኩል ውሃው የሚያርፍበት ምልክት ከጉድጓዱ አፍ በታች ነው። አንተ ግን ግድቡ ከታሰበው በላይ ከፍ ይላል ብለሃል። ያቺን መስመር ደጋግሜ አየኋት። በትክክል አንብቤያት እንደሆነ ንገረኝ።

እማማ ደህና ናቸው። ስለ ፊታቸው ጠይቀህ ነበር፤ ሳነብላቸው ወደ ግድግዳው ዞረው ስለነበር አላየሁትም። ብዙ አያወሩም። ጫማ እየሰፉልኝ ነው።

መቼ እንደምትመጣ ወደ ታች እመለስበታለሁ ብለህ ነበር። ወረቀቱን ገልብጬም አየሁ።

ሹላን


ሦስተኛ ወር፣ ዘጠነኛ ቀን

ለሹላን፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ይቅርታዬም ይከተለው።

በትክክል አንብበሻታል። እኔ ስፎክር የጻፍኳትን መስመር አንቺ በቁም ነገር ታነቢያለሽ ብዬ አልጠበቅሁም። እስከ ዛሬ እኔ ያልኩትን በቁም ነገር የወሰደ ሰው የለማ! ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ ቀያሹን ሲጋራ ለኩሼለት ጠየቅሁት። ውሃው የኛን መንደርም ይወስዳል። ጉድጓዱን፣ አውድማውን፣ ቤታችንን። አዲሱ ምልክት ሳይደርሳችሁ አይቀርም። የክረምቱ ዝናብ ሲገባ አንድም ሰው እዚያ ታች መገኘት የለበትም። ለሁሉም በቀበሮ ኮረብታ ላይ መሬት ይሰጣል። አፈር በድንጋይ እየጠቀጠቃችሁ ግድግዳ መደቅደቅ ነው ያለባችሁ፤ እሱም ዳ ነው፣ ደስ ይበልሽ።

እዚህ ላይ መቀለድ አልነበረብኝም። ጽፌዋለሁ፣ ማጥፊያ ደግሞ የለኝም።

አንቺን ያገባሁባትን ክፍል በራሴ ጉሮሮ ውሃ እየሞላኋት መሆኑን ካወቅሁ ወዲህ ስዘፍን ጓዶቼ ድምፅህ ዝጓል አሉኝ። ብርድ ነው አልኳቸው።

መምጣት አልችልም። አዛዡን ፈቃድ ጠየቅሁት፣ «ጉሮሮህን ትተህልን ሂድ» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ንጣፍ አፈር ተጀምሮ ካላለቀ ይደርቃል፣ ከአዲሱ ጋር አይያያዝም፣ ውሃው በዚያች ስፌት ይገባና ግድቡን ይዞት ይሄዳል። አንዱ ንጣፍ ሲያልቅ ሌላው ይጀመራል። ዝናቡ ሳይቀድመን መጨረስ አለብን፤ ካልሆነ ከግድቡ በታች ያለው አገር ሁሉ ነው የሚጠረገው። የእናንተን ቤት የምወስደው የእነሱን ለማትረፍ ነው ይሉኛል። ልክ ናቸው። ልክ መሆናቸው ግን እንቅልፍ አይሰጥም።

እናቴን ይዘሻት ውጪ። ልጅሽ ብሏል በያት። ጫማ እየሰፋችልሽ መሆኑን ሳነብ ደስ አለኝ፤ እናቴ ለማትወደው ሰው መርፌ አታነሣም።

ባውቲየን


ሦስተኛ ወር፣ ሃያ ሁለተኛ ቀን

ለባውቲየን፣

እንደምን አለህ? ይህን ለልማድ ብዬ አይደለም የምጠይቅህ። እውነቴን ነው፤ እንደምን አለህ? አለህ ወይ?

አንድ ነገር ደብቄህ ነበር። እማማ የሚሰፉልኝ ጫማ ነጭ የሐዘን ጫማ ነው። የቆየ ጥቁር ጫማዬን ወስደው ነጭ ጨርቅ እያለበሱት ነበር፤ አሁን ጨርሰው አልጋዬ ሥር አስቀምጠውታል። እኔ አላደረግሁትም። በየጠዋቱ ወደ ጥግ እገፋዋለሁ፣ በየማታው መልሰው ያወጡታል።

ሞተሃል ይላሉ።

የመጀመሪያውን ደብዳቤህን ያነበብኩላቸው ቀን ነው የጀመረው። «ይሄ የማን እጅ ነው?» አሉኝ። «የባውቲየን ነው እማማ፣ መጻፍ ተምሯል» አልኩ። «የኔ ልጅ? ከፒ ትምህርት ቤት በሁለተኛው ቀን የሸሸው? ቀለሙን የጠጣው?» አሉ። «አሁን አድጓል» ብላቸው ሳቁብኝ። ያ ሳቅ አሁንም ያስፈራኛል። «አንቺ ልጅ፣ ሞኝ አትሁኚ። የሊዩ ቤት ልጅ በጦርነቱ ሲሞት ጓደኞቹ እናቱ እንዳታለቅስ ብለው ሁለት ክረምት ሙሉ በስሙ አልጻፉላትም? እሷም እየሳመች ታጥፈው ነበር። እኔን አያታልሉኝም። የኔ ልጅ በሕይወት ቢኖር ኖሮ እንደ ወትሮው በሰው እጅ ያስጽፍ ነበር።»

ኮረብታው ላይ ለምን አንወጣም ስላቸው ደግሞ ምን እንደሚሉኝ ታውቃለህ? «ነፍሱ የሚያውቀው ይህን ቤት ነው። ከተራራ ለተራራ የት ብሎ ይፈልገኛል?» የጡብ መኝታቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ አይወርዱም። የመንደሩ ኃላፊ መጥቶ ለመናቸው፣ ተቆጣቸው። «ውሃው ሲመጣ ከልጄ ጋር እንገናኛለን» አሉት፣ ሻይ እየቀዱለት።

እኔ አምንሃለሁ። ግን ባውቲየን፣ ማንም የእጅ ጽሕፈትህን አያውቀውም። አልነበረህማ። ማታ ደብዳቤህን አውጥቼ አየዋለሁ፣ የማመሳክርበት ምንም የለኝም።

ሹላን


አራተኛ ወር፣ ሁለተኛ ቀን

ሹላን!

አለሁ! አለሁ አለሁ አለሁ! ምን ብዬ ልጻፈው? በትልቁ ጻፍኩት፣ ቶንግ ደግሞ ከሥሩ «አለ» ብሎ ፈርሞበታል።

ምን ዓይነት ነገር ነው! ሰው ተምሮ እናቱን ሊያስደስት ሲነሣ በገዛ ብዕሩ ራሱን ይቀብራል? ሳልማር ብቀር ኖሮ በሕይወት ነበርኩ ማለት ነው።

አሁን ለእናቴ እኔና እሷ ብቻ የምናውቀውን ንገሪያት። አንደኛ፣ ልጅ ሳለሁ የጎመን ማኮምጠጫው ጋን ውስጥ ወድቄ በእግሬ ጎትታ አውጥታኛለች፣ ለአባቴም አልነገረችው። ሁለተኛ፣ ለአያቶቻችን የቀረበውን የአዲስ ዓመት ስጋ እኔ በልቼ ድመቷ ተገርፋለች፤ እናቴ አይታኝ ዝም ብላለች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

ያንቺ ደግሞ ለብቻው ነው፤ ለእሷ እንዳታነቢላት። በተጋባን በሦስተኛው ቀን ማታ መብራቱን ካጠፋን በኋላ «ምን ያስፈራሃል?» አልሽኝ። እኔም ሁልጊዜ የምለፈልፈው ሰውዬ ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ሳብኩት። ከዚያ «ከወሬው በስተጀርባ ምንም እንደሌለ እንዳትደርሺበት ነው የምፈራው» አልኩሽ። አንቺ እጅሽን ደረቴ ላይ አደረግሽ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ሌላ ሰው ስለ እኔ ቢነግረኝ ራሴም አላምንም ነበር።

ያንን ጫማ እንዳታደርጊው።

ባውቲየን


አራተኛ ወር፣ አሥራ አምስተኛ ቀን

ለባውቲየን፣

የታችኛው መንደር ሄዷል። ጠዋት ስወርድ የመንደሩ ትልቁ ዛፍ ጫፉ ብቻ ይታያል፣ ቁራዎች ሰፍረውበታል። ውሃው ድምፅ የለውም። እንደ ጎርፍ የሚመጣ መስሎኝ ነበር፤ እንደ ድመት ነው የሚመጣው።

ማስረጃዎችህን ለእማማ ነገርኳቸው። የጋኑን ነገር ሲሰሙ አመኑ ብዬ ልቤ ዘለለ፤ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር። ከዚያ «ሊሞት ሲል ለጓደኞቹ ነግሯቸዋል» አሉ። «ልጄ ሲሞት እኔን ሲያስብ ነበር ማለት ነው።» አለቀሱ። ከዚህ በፊት አላለቀሱም ነበር። የስጋውን ነገር ከዚያ ወዲያ ማንሣት አልቻልኩም።

ለኔ የጻፍከውን ለብቻዬ አነበብኩት። አመንኩህ። ሦስት ቀን ያህል እየዘፈንኩ ሣር አጨድኩ። በአራተኛው ቀን ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፦ ሰው ታሞ ተኝቶ አጠገቡ ላለው ጓደኛው እንዲህ ያለውን ይናገር ይሆን? ይህን በማሰቤ ተቆጣኝ። ብትቆጣኝ ደስ ይለኛል።

ቤት እየሠራን ነው። ወንዶቹ እናንተ ጋ ስለሆኑ ሴቶች ራሳችን ድንጋይ ይዘን ግድግዳ እንደቀድቃለን። መጀመሪያ ቀን እያንዳንዳችን በየፊናችን ስንጎትት ድንጋዩ ወድቆ አልነሣም አለ። «የአውራጁ ሚስት፣ ባልሽ ምንም አላስተማረሽም?» ብለው አሾፉብኝ። ተናድጄ ጀመርኩ። ያንተን ግጥም ስለማላውቅ የራሴን ፈጠርኩ፤ ስለ አሳማውና ስለ መንደሩ ኃላፊ ነው፣ እሱ ሲያልፍ እንቀይረዋለን። አሁን ግድግዳችን ትከሻ ደርሷል፤ የኔን ትከሻ፣ ያንተን አላውቀውም ብዬሃለሁ።

ውሃው ከአውድማው በታች ነው። እማማ መኝታቸው ላይ ናቸው። ኃላፊው በግድ እናውጣቸው ይላል፤ እኔ አሻፈረኝ አልኩ። ልጃቸው የሞተባቸው መስሏቸው ተጎትተው ቢወጡ ከዚያ ወዲያ ምን ይኖራቸዋል? ግን እስከ መቼ እንደምከለክለው አላውቅም።

ከእንግዲህ ወረቀት የሚያሳምናቸው አይመስለኝም።

ሹላን


አራተኛ ወር፣ ሃያ አራተኛ ቀን

ለሹላን፣

አልተቆጣሁም። ይልቅ ቃሉን ደግሜ ደግሜ አነበብኩት፤ «የአውራጁ ሚስት»። ከአዛዡ ምስክርነት ይበልጣል። አንቺ ድንጋይ ታዢያለሽ! ለዳሱ ሁሉ አነበብኩላቸው። ቶንግ «እንግዲህ ቤት ስትገባ አፍህን የምትዘጋው አንተ ነህ» አለኝ።

ወረቀት አያሳምናትም ያልሽው ልቤ ውስጥ ሲንከባለል ሰነበተ። ድንጋዩ አጠገብ ቆሜ ሳስበው ታየኝ። እናቴ ፊደል አታውቅም፤ አፌን ግን ታውቀዋለች። ከአፌ የተነሣ ስንቴ መጥረጊያ ይዛ አሳድዳኛለች! ስለዚህ አወረድኩላት። ስምንቱ ተቀበሉ። ቀጥሎ ያለው ቡድን ሳቀና ተቀበለ። በማግስቱ ከግድቡ ጫፍ እስከ ጫፍ ሌላ አይዘፈንም ነበር። እንዲህ ነው፣ ይቅር ትበለኝ፦

የእናቴን አጥሚት ጠጥቼ ሳድር፣
ጨረቃን አየኋት ከሳህኑ ሥር።

ስታንኮራፋማ ጣራው ይነሣል፣
አይጡ ጓዙን ጭኖ አገር ይለቃል።

ሞተ ያለሽ ማነው? ይምጣና ይየኝ፣
ድንጋዩን የማዘው አውራጁ እኔ ነኝ።

ተነሺ ከቤቱ፣ ሳይደርስ ውሃው፣
አሳማው ቀደመሽ፣ ዳገቱን ወጣው።

ድንጋይ አመላላሹ አባባ ሉዎ፣ ያ አንድ ጆሮው የማይሰማው ባለ በቅሎ ጋሪ፣ በናንተ ሸለቆ በኩል ነው የሚያልፈው። ከድንጋዩ አጠገብ አቆምኩትና በደህናው ጆሮው በኩል ቆሜ እስኪሸመድደው ዘፈንኩለት። «ይሄን ለእናትህ? ትገድልሃለች እኮ» አለኝ። «እሱን ነው የምፈልገው፣ አባባ» አልኩት።

ድምፁ ክፉ ነው፤ ታገሡት።

ባውቲየን


አምስተኛ ወር፣ አራተኛ ቀን
ከቀበሮ ኮረብታ

ለባውቲየን፣

አድራሻዬን አየኸው?

አባባ ሉዎ መጣ። ውሃው ከደጃፋችን ደረጃ ሥር ሲደርስ ነው የመጣው፤ ኃላፊው ሦስት ሰው ይዞ እማማን ሊያነሣ ውጭ ቆሞ ነበር። ሽማግሌው ከጋሪው ሳይወርድ ያንን ነገር ጀመረው። በቅሎዋም ጆሮዋን ጣለች። እኔ ስለ አጥሚቱ ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

ማንኮራፋቱ ላይ ሲደርስ እማማ ከውስጥ «ማነው?» አሉ።

«ልጅሽ ነው የላከኝ!» አለ አባባ ሉዎ እየጮኸ።

«ልጄ ሞቷል።»

«ምን አልሽ?»

«ሞቷል ነው የምልህ፣ አንተ ደንቆሮ!»

«እሱማ ባለፈው በጆሮዬ ሥር ሲጮህብኝ ነበር፣ ምራቁ እስኪረጨኝ! ጨርሼ ልዝፈነው፣ አታቋርጪኝ!» ብሎ ከመጀመሪያው ጀመረው።

እማማ ከመኝታቸው ወረዱ። ስንት ጊዜ ሆኗቸው ነበር መሰለህ፤ ጉልበታቸው እንቢ ብሎ ግድግዳ ይዘው ነው የመጡት። ደጃፉ ላይ ቆመው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ ለኔ ሳይሆን ለውሃው የሚናገሩ ይመስል «ሙት ሰው ያከብራል» አሉ። «እናቱን አገር ለአገር እንዲህ የሚያዋርድ ሙት አላየሁም። ይሄ ባለጌ አለ። አለ!» ተመልሰው ገብተው ከአልጋዬ ሥር ነጩን ጫማ አወጡና ጨርቁን በጥርሳቸው ቀደው ጣሉት። ቀጥለው የሊጥ መዳመጫውን አንሥተው ጋሪው ላይ ወጡ። «ንዳው» አሉት። «የት?» አለ። «የት ይሆናል! ልጄን ልመታው ነዋ!»

እኛ እነሱን ሸኝተን ቀሪውን ዕቃ አወጣን። ማታ ላይ ውሃው ክፍላችን ገባ። ከኮረብታው ላይ ሆኜ አየሁት። የጣራው ጫፍ አንድ ሁለት ቀን ቆየ፣ ከዚያ ደግሞ አልቆየም።

ስለዚህ እማማ ወዳንተ እየመጡ ነው። በዓይናቸው ያዩሃል። እኔም በሕይወት መኖርህን አምኛለሁ፤ ግን ያመንኩት በአባባ ሉዎ ድምፅ ነው። ማታ አንተን ሳስብ የሚመጣልኝ የእሱ ድምፅ ነው። እንዴት እንደሚከብድ አታውቀውም።

ሹላን


አምስተኛ ወር፣ አሥራ አንደኛ ቀን

ለሹላን፣

ደርሳለች።

ንጣፉ መሃል ላይ ነበርን። ድንጋዩ ሲወርድ ስምንቱ ሰው ከኋላዬ ምን እንዳዩ እንጃ፣ በአንዴ ገመዱን ለቀቁት። ዘወር ስል የእናቴ መዳመጫ ትከሻዬ ላይ አረፈብኝ። ትከሻዬ ብረት አይደለም፤ ዋሽቼሽ ነበር። ሁለተኛውን ደገመችኝ። ሦስተኛውን አንሥታ እጇ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ መዳመጫው ወደቀና ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች፣ ጆሮዬን ነካች፣ አገጬን ነካች፣ ልክ ገበያ ላይ ዱባ እንደምትመርጥ። «ከስተሃል» አለች። ግድቡ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር፤ እኔ የምለው ጠፋኝ። እኔ!

አዛዡ ሮጦ መጣ። «እናቴ፣ ሥራውን አስቁመዋል፣ አፈሩ ይደርቃል» አላት። እናቴ ሄዳ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠችበት። «ልጄን ስጡኝና ድንጋያችሁን ውሰዱ» አለችው። ለመናት። የእናንተን አገር ለማዳን ነው አላት። «የኔን አገር ዓሳ እየበላው ነው የመጣሁት» አለችው። በመጨረሻ ይህ ንጣፍ ሲያልቅ እንድሄድ፣ ቶንግ በኔ ቦታ እንዲያወርድ ተስማሙ። እስከዚያ እናቴ እዚሁ ዳሱ ውስጥ ናት፤ ምግብ አብሳዩን እያሠቃየችው ነው። ለቶንግ ግጥሞቼን እያስጠናሁት ነው። ድምፁ ከኔ ይሻላል። ይህን ለማንም እንዳትነግሪ።

ነገ ከነገ ወዲያ ንጣፉ ያልቃል። ይህ ደብዳቤ ከኛ ቀድሞ ይደርሳል ብለውኛል።

ሹላን፣ አንድ የማፍርበት ነገር አለ። ደብዳቤዎችሽን ከማንበብ ብዛት በቃሌ ይዣቸዋለሁ፤ የትኛው መስመር ላይ እንደሳቅሽ፣ የትኛው ላይ ብዕርሽን አስቀምጠሽ እንደቆየሽ አውቃለሁ። ግን ሳነባቸው የምሰማው የራሴን ድምፅ ነው። ያንቺ ከጠፋኝ ቆይቷል። ልነግርሽ ፈርቼ ነው የከረምኩት። አንቺ በአባባ ሉዎ ድምፅ፣ እኔ በራሴ፤ ለሁለታችንም ክፉ ዕድል ነው።

የምሄድበትን ቤት አላውቀውም። እናቴም አታውቀውም፤ ግድግዳው ሳያልቅ ነው የወጣችው። የኮረብታው ቤቶች ሁሉ አንድ ዓይነት አፈር፣ አንድ ዓይነት ቁመት ናቸው ይላሉ። ስለዚህ ዳገቱ ሥር ስንደርስ ቆመን ድምፅሽን እንጠብቃለን። ሴቶቹን ሰብስቢና ድንጋዩን አንሡ። ስለ አሳማውም ይሁን፣ ስለ ኃላፊውም ይሁን፣ ስለ እኔም ይሁን።

አንቺ አውርጂ። እኔ ከታች እቀበላለሁ።

ባውቲየን